አስቴር ጋኖ፦ ከባሪያ ነጋዴ ጀልባ እስከ ነቀምቴ ትምህርት ቤት

በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ከባዝል ከተማ አጠገብ ባለው የቅዱስ ክሪስቾና ማተሚያ ቤት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ፊደሉ ግእዝ፣ ይዘቱ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በርእስ ገጹ ላይ በተርጓሚነት የተጠራው የአንድ ሰው ስም ነው፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ። ሥራው ግን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ከኦኔሲሞስ ጎን ለዓመታት ተቀምጣ ቃል የመረጠች፣ ያመዛዘነችና ያቃናች አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ሴትዮዋ ከዚያ አስቀድሞ የራሷን የመዝገበ ቃላት ሥራ ሠርታለች፤ የሕዝቧንም ዘፈንና ተረት ከቃል ወደ ወረቀት አስፍራለች። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል። ዛሬ የምንተርከው የእርሷን ሕይወት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

አስቴር የክልላችን ተወላጅ አይደለችም። ይሁን እንጂ ከማንኩሽ እስከ አሶሳ፣ ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ ያለው ምድር የእርሷን ዓይነት ዕጣ ደጋግሞ አይቷል። ከጉሙዝ፣ ከበርታ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደሮች ስንት ልጅ እንደተነጠቀ የሚቆጥር መዝገብ አልተያዘም። የተወሰዱት ልጆች አብዛኞቹ ድምፃቸው ሳይሰማ ቀርቷል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዚያው ዘመን ከተነጠቁት መካከል ብዕር አንሥተው፣ ያወቁትን ጽፈውና አሳትመው ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አስቴር ከእነርሱ አንዷ ናት።

የተወለደችው በ1872 ገደማ ሲሆን ወላጆቿ ያወጡላት ስም ጋኖ፣ የአባቷም ስም ሳልባን ነበር። ሀገሯ ሊሙ እናርያ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ነበሩ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በአባ ባጊቦ ዘመን፣ ሊሙ እናርያ ከአምስቱ ኃያሉ ነበር። የሰቃ ገበያውም ዝናው ሩቅ የተሰማ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ከዚያ ተነሥተው ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር፤ አሞሌ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ ከሰሜን ይወርድ ነበር። ከወርቁና ከዝባዱ ጋር በአንድ ቅፍለት ሰው ይሸጥ ነበር። ነጋድያን ከሰቃ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። ሌላው ጎዳና በሸዋ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ የሚወርደው ነው። ከወለጋ በቤኒሻንጉል አድርጎ ወደ ሱዳን የሚወጣው መንገድም እንዲሁ ሰው የሚነዳበት ነበር።

ጋኖ በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት ተዳረገች። በባርነት ንግድ የሚነዳ ልጅ ከቀዬው ከወጣ በኋላ ስሙ ይለወጣል፤ ቋንቋውን የሚሰማው ሰው ይጠፋል፤ በየገበያው ጌታ ይለወጥበታል። ጋኖም ከቤተሰቧ ተነጥላ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደረሰች፤ ከዚያም በዐረብ ምድር እንድትሸጥ ጀልባ ላይ ተጫነች። ባሕሩን የተሻገረ ሰው ተመልሶ ሀገሩን የማየት ተስፋው እጅግ የመነመነ ነበር።

ጀልባው ግን ዐረብ ምድር አልደረሰም። ኢጣልያ በየካቲት 1885 ምጽዋን ይዛ ነበርና መርከቦቿ ባሕሩን ይቃኙ ነበር። በ1886 ጀልባው በኢጣልያ መርከቦች ተያዘ፤ ውስጡ የነበሩትም ነጻ ወጡ። ኢጣልያ ወደዚያ የመጣችው ለቅኝ ግዛት እንጂ ለነጻነት አልነበረም፤ ከ10 ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የሆነውም ይታወቃል። ሆኖም የዚያች ልጅ ሕይወት የተቀየረው በዚያ ቅኝት ነው። ዕድሜዋ 14 ገደማ ነበር።

ነጻ የወጡት ልጆች የተሰጡት ከምጽዋ ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በእምኩሉ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበር። የስዊድን ሚስዮናውያን ወደ ምጽዋ የመጡት በ1866 ሲሆን ዋና ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር። መንገዱ አልከፈት ሲላቸው በባሕሩ ዳርቻ ተቀመጡ። ሊደርሱበት ያልቻሉት ሕዝብ ልጆች ግን በነጋዴ እጅ ተነድተው ወደ እነርሱ ደጅ መጡ። በእምኩሉ ሙቀት ሥር፣ ከሊሙ፣ ከጅማ፣ ከኢሉባቦርና ከሌላም አቅጣጫ የመጡ ነጻ የወጡ ወጣቶች አንድ ማኅበር ሆኑ።

ጋኖ በዚያ አስቴር ተባለች። ስሙ ያለ ነገር የተመረጠ አይመስልም። የመጽሐፍ ቅዱሷ አስቴር ወላጆቿን አጥታ በባዕድ ሀገር ያደገች ልጅ ናት፤ ወገኗንና ትውልዷን ሳትገልጥ ቤተ መንግሥት ገብታ በኋላ ስለ ወገኗ የቆመች ሴት ናት። አስተማሪዎቿ ያንን አስበው ይሁን ሳያስቡ፣ ልጅቱ ለአዲሱ ስሟ የቀድሞውን አልለወጠችም። ጋኖን ይዛ ኖረች፤ እስከ ዛሬም የምትታወቀው በሁለቱም ስም ነው።

ለአስቴር ሕይወት ሁነኛ ሰው የነበረው ኦኔሲሞስ ነሲብ የእርሷን መንገድ አስቀድመው የሄዱበት ሰው ናቸው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ሲወለዱ ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸውን በሕፃንነታቸው አጥተው፣ በ1869 በባሪያ ነጋዴዎች ተነጥቀው፣ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጡ ቆይተው በ1870 ምጽዋ ላይ የስዊስ ተወላጁ ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጧቸው። በስዊድን ሚስዮን ተምረው፣ በ1872 ተጠምቀው፣ ከዚያም በስዊድን ሀገር ለአምስት ዓመት ሠልጥነው በ1881 ተመለሱ።

የእኚህ ሰው ታሪክ የእኛን አካባቢ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ኦኔሲሞስ ከስዊድን እንደተመለሱ ባለቤታቸውን ምሕረት ኃይሉንና የጉዞ ጓዶቻቸውን ይዘው ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። በመሀል ሀገር በኩል ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው በሱዳን ዞረው ጥቁር ዓባይን ተከትለው መጡ። ፋማካ ደረሱ፤ ፋማካ ዛሬ የህዳሴ ግድብ ከቆመበት ከጉባ ወረዳ ዓባይን ተከትሎ ድንበሩን ሲሻገሩ የሚገኝ፣ የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ወርቅ ያስፈልግበት የነበረ ስፍራ ነው። ከዚያ ወደ አሶሳ አቀኑ። ከአሶሳ ማለፍ ግን አልተቻለም። ተመልሰው ፋማካ፣ ከፋማካ ካርቱም፤ ከጓዶቻቸው አንዱ ስዊድናዊ በመንገድ ላይ በንዳድ ሞተ፤ የተረፉት ካርቱም የገቡት በሚያዝያ 1882 ነው። የማህዲ አብዮት ሱዳንን እያናወጠ ስለነበር ምጽዋ ለመመለስም ብዙ ጣር ፈጀባቸው። አሶሳ ላይ መንገዱ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ኦኔሲሞስ ወለጋ ገብተው ይቀሩ ነበር፤ ከሊሙ ከመጣችው ልጅ ጋርም በእምኩሉ ባልተገናኙ። የአንድ ቋንቋ የጽሑፍ ታሪክ በዚህ ዓይነት የመንገድ መዘጋት ሊወሰን መቻሉ ያስገርማል።

ኦኔሲሞስ አስቴርን ባገኟት ጊዜ ልጅቱ ብሩህ አእምሮ እንዳላት፣ ከዚያም በላይ ለኦሮምኛ የተለየ ጆሮ እንዳላት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ይህ ለእርሳቸው ትልቅ ነገር ነበር። በልጅነታቸው ከሀገር ወጥተው፣ በምጽዋ በትግርኛና በዐረብኛ መካከል አድገው፣ በስዊድንኛ የተማሩ ሰው ነበሩ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከልጅ ቃላት ብዙም ሳያልፍ ነበር ከአፋቸው የተነጠቀው። መጽሐፍ ቅዱስን ያህል ነገር ለመተርጎም ደግሞ የልጅ ቃል አይበቃም። የሕግ ቃል፣ የእርሻ ቃል፣ የለቅሶና የሰርግ ቃል፣ የቁጣና የምሕረት ቃል ያስፈልጋል። የአስቴር ኦሮምኛ ገና ትኩስ ነበር፤ እናቶች በቤት፣ ሽማግሌዎች በሸንጎ የሚናገሩትን የሰማችና ያልረሳች ልጅ ነበረች።

ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተመደበች። አንድ ሰው ቃል ሲሰበስብ ብዙውን ጊዜ ቀዬ ለቀዬ እየዞረ ሽማግሌ ይጠይቃል። አስቴር ግን ከሀገሯ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በባዕድ ጠረፍ ተቀምጣ፣ ቃላቱን የቀዳችው ከራሷ ትውስታና አብረዋት ከነበሩት ነጻ የወጡ ወጣቶች አንደበት ነው። ከተለያየ አውራጃ የመጡ ልጆች አንዱን ነገር በተለያየ ቃል ይጠሩታል፤ አንዱ የሚለውን ሌላው አይለውም። የትኛው ቃል ለሊሙውም ለወለጋውም ለኢሉባቦሩም ይገባል የሚለውን መወሰን የእርሷ ድርሻ ሆነ። መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው የአዲስ ኪዳንን ትርጉም ለማቃናት ሲሆን አዲስ ኪዳኑ በ1893 ታተመ።

ለፍትሕ ሲባል ከእነርሱ በፊትም የተሞከረ ሥራ እንደነበረ መጥቀስ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በኦሮምኛ የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍሎችን አሳትሟል፤ እርሱንም የረዳው ሩፎ የተባለ በባርነት ተሽጦ ነጻ የወጣ ኦሮሞ ነበር። ልብ ያለው አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ በእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ጀርባ በባርነት ያለፈ ሰው አለ። ኦሮምኛን በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ላይ ያሰፈሩት ቤታቸው ተቀምጠው የጻፉ ሊቃውንት ሳይሆኑ ከቤታቸው የተነጠቁ ልጆች ናቸው።

ይህ ጸሐፊ ከአስቴር ሥራዎች ሁሉ አብልጦ የሚያደንቀው ግን ትርጉሙን አይደለም። አስቴር የኦሮሞን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ምሳሌያዊ ንግግሮች ጽፋለች፤ ቁጥራቸው 500 ነው። ይህን ስታደርግ ሃያዎቹን ዓመታት ገና የጀመረች ወጣት ነበረች። እስቲ አንባቢ ራሱን ይጠይቅ፤ በልጅነቱ ከሰማው ተረትና እንቆቅልሽ ዛሬ ስንቱን ሳያጓድል ይቆጥራል? እዚህ ማንኩሽ ላይ እንኳ፣ አያቶቻችን በእሳት ዳር የነገሩንን አሥር ተረት ያለ ስሕተት የሚደግም ጎልማሳ ማግኘት ቀላል አይደለም። እርሷ አያት በሌለበት፣ እሳት ዳርም በሌለበት፣ ባርነትን ካለፈ አእምሮ ውስጥ አወጣችው።

ከሰበሰበችው ውስጥ ብዙው በ1894 በእምኩሉ በሚስዮኑ ማተሚያ ቤት በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። መጽሐፉ ጃልቀበ በርሲሳ ይባላል፤ የትምህርት መጀመሪያ እንደ ማለት ነው። በኦሮምኛ ማንበብ የሚማር ልጅ የሚጀምረው ከባዕድ ሀገር በመጣ ታሪክ ሳይሆን ከራሱ ሕዝብ ተረትና ዘፈን እንዲሆን ተደረገ ማለት ነው። ዛሬ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር የተለመደ ሐሳብ ነው፤ በክልላችንም በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ ፊደል ተቀርጾላቸው በትምህርት ቤት ይሰጣሉ። በ1894 ግን ይህ ከመቶ ዓመት በፊት ቀድሞ የተሠራ ሥራ ነበር። የሰበሰበችው ሁሉ አልታተመም፤ ሳይታተም የቀረው ጥቂት አይደለም።

ጽሕፈቱ የራሱ ፈተና ነበረው። የግእዝ ፊደል ኦሮምኛ ያሉትን ድምፆች ሁሉ አይዝም፤ ለአንዱ ድምፅ ዸ የሚለው ቅርጽ ጥቅም ላይ ውሏል። ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅም አይለይም። በአማርኛ ገና ብለን ስንጽፍ የልደት በዓል ይሁን ጊዜው ያልደረሰ ነገር የምናውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ በዳ ተብሎ የተጻፈው ቃል ላልቶ ሲነበብ መጥፎ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ይሆናል። የድምፅ ርዝመትም ትርጉም በሚለውጥበት ቋንቋ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ጀምሯል። በዚህ ምክንያት የዛሬ ኦሮሞ ተማሪ የአስቴርን መጽሐፍ ቢያገኝ ቋንቋውን እያወቀ ፊደሉን ላያነብ ይችላል፤ ፊደሉን የሚያነበው አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ቋንቋውን አያውቀውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ካልሆነ መጽሐፉ አይነበብም።

አስቴር ከዚህ ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ተርጉማለች፤ ከኦኔሲሞስ ጋርም የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ አዘጋጅታለች። ሁለቱ ከአዲስ ኪዳን በኋላ ብሉይ ኪዳንን ይዘው ዓመታት ከደከሙ በኋላ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። መግቢያችን ላይ ያነሣነው የስም ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ነው። የርእስ ገጹም፣ በኋላ የተጻፈውም ታሪክ ተርጓሚ ብሎ የሚያውቀው ኦኔሲሞስን ነው። ኦኔሲሞስ ሥራውን መርተዋል፤ ብዙውን ሸክም ተሸክመዋል፤ ክብራቸውን የሚነካ ነገር መናገር አይገባም። የአስቴር ድርሻ በሚገባው ልክ አለመታወቁን ግን በኋላ ታሪኩን የመረመሩ ምሁራን ጽፈዋል። ሴት መሆኗ፣ ወጣት መሆኗ፣ እንደ ኦኔሲሞስ በአውሮፓ ያልሠለጠነች መሆኗ ለዚህ አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በአውስትራሊያ የጥንት ነባር ሕዝብ ልጅ የሆነው ዴቪድ ዩናይፖን የሕዝቡን ተረቶች ሰብስቦ ከጻፈ በኋላ ሥራው በ1930 ለንደን ላይ ሲታተም በሽፋኑ ላይ የወጣው ስም የእርሱ አልነበረም፤ ዊልያም ራምሴ ስሚዝ የተባለ ነጭ ሐኪም ስም ነበር። ስሙ ተመልሶ በራሱ ሥራ ላይ የታተመው እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያች ሀገር ከነባሩ ሕዝብ የተወለዱ ልጆች፣ በተለይም ከነጭ አባት የተወለዱ ክልሶች፣ በመንግሥት እጅ ከእናቶቻቸው ጉያ እየተነጠቁ በሚስዮን ቤት ያድጉ ነበር። ከነባሩ ሕዝብ የግጥም መጽሐፍ በማሳተም የመጀመሪያዋ የተባለችው ሴት፣ በኋላ ኡጄሩ ኑናካል የተሰኘችው ካት ዎከር፣ መጽሐፏን ያወጣችው በ1964 ነው። የአስቴር የንባብ መጽሐፍ ከዚያ 70 ዓመት ቀድሞ ታትሟል።

ስለ ቤተሰብም ጥቂት እንበል። በሀገራችን ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ስለ አስቴር የሚነገረው ትውልድ ግን ከአባቷ ከሳልባን ስም ብዙም አያልፍም። ባርነት ከሰው የሚወስደው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ይህንን ቆጠራም ነው። በምትኩ በእምኩሉ ሌላ ዓይነት ቤተሰብ ተሠራ። ከሊሙ የመጣችው ከኢሉባቦር ከመጣው ጋር፣ ትግርኛ ተናጋሪው ከኦሮምኛ ተናጋሪው ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጡ፤ ተጋቡ፤ ወለዱ። ኦኔሲሞስ ራሳቸው የመጀመሪያ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ እንደ እርሳቸው በባርነት ያለፈችውን ኦሮሞ ሊዲያ ዲምቦን አገቡ። ለአሶሳና ለአካባቢው ሰው የተቀየጠ የቤተሰብ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከሱዳን የመጡ ነጋድያን ከበርታ ቤተሰቦች ጋር ተጋብተው የገዥ ቤቶችን መሥርተዋል፤ ሼክ ሆጀሌ አል-ሐሰን ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ናቸው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የገዥው ቤት ቅይጥነት በክብር ይተረካል። የተነጠቁት ሰዎች ቅይጥነት ግን ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል፤ ልጆቻቸውም እናታቸው ከየት እንደመጣች ላለመናገር ይጠነቀቃሉ። የእምኩሉ ማኅበር አባላት ታሪካቸውን ሳይደብቁ በመኖራቸው ነው ዛሬ ይህንን መጻፍ የቻልነው።

ወደ ኦሮሞ ምድር የመመለሱ ሕልም የተፈጸመው በ1904 ነው። አስቴር፣ ኦኔሲሞስና ሌሎች ጓዶቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ፈቅደውላቸው፣ ወለጋ ነቀምቴ ገቡ። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሣ ሞረዳ፣ በደስታ ተቀበሏቸው። አስቴር በነቀምቴ በተከፈተው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ከ30 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ከእንግዲህ አንቱ ማለት ይገባናል።

መምህርት አስቴር ያስተምሩበት የነበረው ቤት ብዙም ሳይቆይ ፈተና ገጠመው። ትምህርቱ ሕዝቡ በሚሰማው በኦሮምኛ መሆኑ ብዙ ሰው ሳበ፤ ቋንቋውን የማያውቁትን የአካባቢውን ካህናት ግን አስከፋ። በ1906 ኦኔሲሞስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሱ፤ ከሀገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምቴ እንዲቀመጡ ፈቀዱ፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ኦኔሲሞስ በማስተማርና በእርሻቸው ተወሰኑ። በዚህ ጊዜ ሥራው በትምህርት ቤቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ስብከቱ ሲዘጋ ፊደሉ ቀጠለ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው።

መምህርት አስቴር ዕድሜ ጠግበዋል። ኦኔሲሞስ በሰኔ 1931 ሲያርፉ እርሳቸው 60 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በልጅነታቸው ከጀልባ ያወጣቸው መንግሥት በ1936 ወራሪ ሆኖ እስከ ወለጋ ሲዘልቅ በሕይወት ነበሩ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ፣ በነሐሴ 1942፣ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር ዐዋጅ በኢትዮጵያ ወጣ፤ በሊሙ በባርነት የተያዙት ሴት ያን ዐዋጅ ያዩት በ70 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሚስዮኖች በአማርኛ እንዲያስተምሩ የሚያዝዝ ደንብ ወጣ፤ በኦሮምኛ ማስተማርና ማሳተም ጠበበ። ለ50 ዓመታት የሠሩበት የፊደል ቤት ልጆች በሌላ ቋንቋ ማንበብ ሲማሩ አዩ። የንባብ መጽሐፋቸው ከትምህርት ቤት ወጥቶ በየሰው ቤት ሣጥን ገባ፤ መዝሙሮቹና መጽሐፍ ቅዱሱ ግን በምእመናን ቤት ተነበቡ።

በጥር 1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት፣ ከእምኩሉ ተነሥተው ወለጋ ከገቡት ጥቂት ሰዎች መካከል በሕይወት የቀሩት መምህርት አስቴር የ87 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ያረፉት በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ዘጠና ዓመት ግድም ሆኗቸው ነው።